መዶሻው የማይሰማበት ከተማ

መዶሻ እንጨት ሲመታ ስሰማ ዛሬም ጣቶቼ ይሰበሰባሉ። ትናንት ጎረቤቴ ሳሩ ላይ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ ሲተክል ሰማሁና መስኮቱን ዘጋሁ። የረጠበው ሳር ሽታ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

ያኔ ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአክስቴ ጋር፣ የአንድ ሜክሲኳዊ ቤት ፎቁን ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችን ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ሬንጅ ሬንጅ ይሸት ነበር። ከታች እሱና ሚስቱ፣ የሚስቱ እህትና የእህትየዋ ትንሽ ልጅ ይኖሩ ነበር። እናትና ልጅ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም። በዚያው ወራት ደግሞ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሕግ ከአገረ ገዢው ምርጫ ጋር አብሮ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ።

አከራያችን ዜግነት አግኝቶ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጥ ነበር። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳሩ ላይ የሪፐብሊካኑን አገረ ገዢ ሰሌዳ ተከለ። ያንኑ ሕግ የሚደግፈውን ሰውዬ!

«ለእኔ ምሕረት ሰጥቶ ወረቀት ያስያዘኝ የዚህ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ነው» አለን ደረጃው ላይ ቆሞ። «ሰውየውን እመርጣለሁ፤ ሕጉን እምቢ እላለሁ። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ።»

አክስቴን ደስ አላት። «ወጪት ሰባሪ አይደለም» አለችኝ በአማርኛ።

«እትዬ፣ ልጁስ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! እኛ እንደሆነ ቮት አናደርግ።»

እህትየዋ በየጠዋቱ ሰሌዳውን ነቅላ ከቆሻሻ በርሜሉ ጀርባ ትጥለው ነበር። እሱ ማታ ከሥራ ሲመለስ ፈልጎ ያመጣና መልሶ ይመታዋል። እርስ በርሳቸው ስለዚህ ነገር ቃል አይተነፍሱም፤ እራት ላይ ጨው ይቀባበላሉ። ሚስቱ ብቻ በመስኮት ትጮህበት ነበር፤ ግማሹን በእስፓኒሽ፣ ግማሹን እኛ እንድንሰማላት በእንግሊዝኛ።

«አንተ ጭንቅላትህ ጣሪያ የሆነ! ሰውየውና ሕጉ እኮ አንድ አፍ ናቸው!»

ምርጫው ሳይደርስ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እህትየዋ በአንድ እጇ ሻንጣ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ ደጅ ወደሚጠብቃት መኪና ወጣች። ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሳን ሆዜ፣ ልትሄድ ነው።

«ሳን ሆዜም እኮ ሕጉ ያው ነው» አላት አከራያችን።

«ያው ነው። እዚያ ግን መዶሻህን አልሰማም።»

መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ቆሞ ቀረ።

ሰውየው አሸነፈ። ሕጉም አለፈ፤ ኋላ ፍርድ ቤት አገደው እንጂ። በማግስቱ አከራያችን ሰሌዳውን በገዛ እጁ ነቀለና ጉድጓዷን በእግሩ አፈር ሞላት። እህትየዋ ከመንገድ ስልክ አንዴ ደውላ «ደህና ነን» አለች እንጂ ሰፈሯን አልተናገረችም።

እኔና አክስቴ እሁድ እሁድ ሳን ሆዜ ወዳለው የአማርኛ ጉባኤ እንሄድ ነበር። አከራያችን ይህን ያውቅ ነበር። አንድ ጠዋት አዲስ የልጅ ጫማ በፌስታል አንጠልጥሎ መኪናችን ድረስ መጣ።

«ምናልባት ልጁን ካየሽው» አለኝ።

ሳን ሆዜ እኮ ትልቅ ነው ልለው ነበር። ዓይኑን አየሁና ተቀበልኩት። እሁድ በመጣ ቁጥር ያንን ፌስታል ይዤ ሄድኩ፣ ይዤ ተመለስኩ። ማታ በሩን አንኳኩቼ ስመልስለት ምንም አይጠይቀኝም ነበር፤ በሚቀጥለው እሁድ ግን መልሶ ያመጣዋል።

ከገና በኋላ የሰጠኝ ጫማ ሌላ ነበር። በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ።