አባቱን የማያዋራው ሕፃን

ሰፈሩ «ጋሼ ለምን» ይለዋል። ሙያው አናጢነት ነው። ቁም ሳጥን ሥራልኝ ብሎ የመጣን ሰው ልኬት ከመውሰዱ በፊት ለምን እዚህ ግድግዳ ላይ፣ ለምን ሁለት በር፣ ለምን አሁን እያለ ያደክመዋል። አንዳንዱ ደንበኛ ተሰላችቶ ሊሄድ ይነሳና በሩ ጋ ሲደርስ ጥያቄው ልክ እንደነበር ይገባዋል። ይመለሳል፤ ቁም ሳጥኑም ባለአንድ በር ሆኖ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ሰው አርባ ሊሞላው ሲል የመጀመሪያ ልጁን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሕፃኑን ስቅ ሲለው ለምን? ጡት ሲጠባ የእግሩን ጣቶች ለምን ያጥፋል? ቀኑን ሙሉ ጨብጦ ከሚውለው መዳፉ ውስጥ ያ ሁሉ የጨርቅ ብናኝ ከየት ይመጣል? ሚስቱ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ የማታውቀው ነገር የለም ብሎ ያስባል። እሷም ሲበዛባት «ሂድና ልጁን ራሱን ጠይቀው» ትለዋለች። በዚያ ቀልድ ውስጥ ግን እሱን የሚያመው ነገር ነበረ፤ ልጁ ለሁሉም ሲያወራ ለእሱ አያወራም።

የቤታቸው አኗኗር እንዲህ ነው። ጠዋት ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ቤት ይቆያል፤ አናጢው በዚያ ሰዓት የማሽን ሥራውን ሁሉ ያጠናቅቃል። መጋዙ ይጮኻል፣ መላጊያው ይጮኻል፣ ሰጋቱራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ይጠፋል፤ ወለሉ ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ መስኮቱ ይከፈታል። ያኔ «ጎረምሳው» የሚሉት ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ይመጣል፣ እሷም ወደ ሥራዋ ታልፋለች። ከዚያ እስኪመሽ ማጠፊያ መግጠም፣ ብሎን ማጥበቅ፣ መሳቢያ ማስተካከል ብቻ ነው። ልጁ አባቱ በሠራለት ሰፊ ሣጥን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና ይመለከታል።

ወርክሾፑ ከጤና ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ልጅ አስመዝነው የሚመለሱ ወላጆች ጥላ ፍለጋ በሩ ላይ ሲቆሙ ቢያይ አንድ አግዳሚ ወንበር ሠርቶ አወጣላቸው። ሰው ደግነቱን አደነቀ። ደግስ ደግ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሲቀመጡለት ሊጠይቃቸው ነበር። ውሎ አድሮ አግዳሚው ቋሚ ደንበኞች አፈራ። አንዷ መንታ ወንዶች የወለደች ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው በአንድ ልጅ የሚሳሳተውን እሷ በሁለት ተሳስታ ስለጨረሰች በአግዳሚው ላይ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ሌላኛው የአንዲት ሴት ልጅ አባት የሆነ የታክሲ ሾፌር ነው። ልጁ ሞተር ካልተነሳ አትተኛም፣ ሞተር ከጠፋ ደግሞ ትነቃለች፤ «ጡት ትጠባለች እንዴ ይሄ ሁሉ ነዳጅ እያለ» እያለ በራሱ ላይ ይቀልዳል።

በዚያ አግዳሚ ላይ የማይወራ የለም። ጥፍር የሚቆረጠው ልጅ ሲተኛ ነው። ዓይኑን ሲያሽ ርቦት ሳይሆን እንቅልፉ መጥቶ ነው። የጠበበ ልብስ ከሾፌሩ ልጅ ወደ ጎረምሳው ይተላለፋል። አንድ ቀን የመንታዎቹ እናት ስለ ክትባት እያወራች ዓረፍተ ነገሯ መሀል ላይ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ቢል፣ ወንዶቹ አንድ አንድ ልጅ ታቅፈው እስክትነቃ ድረስ ተንፈስ ሳይሉ ጠበቁ። በወላጅነቱ ገና ዓመት ያልደፈነ ሁሉ አዲስ ለመጣው ሲያስተምር ማየት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ያሰኛል። ቢሆንም ማንም ከዚያ ወንበር ባዶውን ተነስቶ ሄዶ አያውቅም።

ልጆቹ ነፍስ እየዘሩ ሲመጡ የአግዳሚው ወሬ ወደ ልጆቹ ወሬ ዞረ። ሾፌሩ ማታ ሲገባ ልጁ የቀኑን ሪፖርት እንደምታቀርብለት፣ «አግ» እና «ቡ» እያለች እስኪያልቅባት እንደማትተወው ተናገረ። መንታዎቹም እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀምረው እናታቸውን የሚያሙ ይመስላሉ። የአናጢው ሚስት ደግሞ ጎረምሳው ጠዋት ጠዋት ወሬው ማለቂያ እንደሌለው በኩራት ትናገራለች። አባትየው ያዳምጣል። ለቅሶውን ይሰማል፤ ለቅሶስ ከእሱ ዘንድ አልተጓደለበትም። ወሬ ግን አንዲት ቃል ሰምቶ አያውቅም። ማታ ሦስቱ ሲሆኑ ሚስቱ «ስማው እንጂ» ትለዋለች፤ ዘወር ሲል ልጁ ዝም ብሎ አፉን ብቻ ያላምጣል።

ቀና። መጀመሪያ በሚስቱ ቀና፣ ቀጥሎ በሾፌሩ። ከዚያ ቅናቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ምን አድርጌው ይሆን ጨዋታዬን የጠላው አለ በልቡ። ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። አግዳሚው ላይ ግን «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» ብሎ ጠየቀ፤ ልጅ አንዱን ወላጅ አዋርቶ ሌላውን የሚነሳው ለምንድን ነው?

ለማወቅ ያህል አለመሆኑን ሁለቱም አውቀውበታል፤ ምክሩ ጎረፈ። ሾፌሩ ጢምህ አስፈርቶት ይሆናል ተላጨው አለ። ደግሞም የኮላ ሽታው ነው፣ ልጅ አፍንጫው ሹል ነው አለ። የመንታዎቹ እናት ፊትህን ከፊቱ እኩል አድርገህ ተናገር፣ ተናግረህ ደግሞ ጠብቀው፣ ሕፃን ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጅበታል አለችው። አፉን ማላመጡስ ቢላት፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው አለች፤ በዚህ ሦስቱም ተስማሙ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ አናጢው አንዱንም ምክር አልናቀም። ግን ሁሉን ባንድ ላይ ከሞከርኩ የቱ እንደሠራ አላውቅም ብሎ ኮላ እንደሚፈትን ሰው አንድ በአንድ ያዘው። ጢሙን ተላጨ፤ ልጁ የማያውቀው ሰው የመጣበት መስሎት አለቀሰ። እጁን በሳሙና እስኪላጥ አሸ። ሰው ፊት አዚሞ የማያውቅ ሰው አዜመ። ከጠንካራ እንጨት ቀለበት ቀርፆ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ አለሰለሰለት፤ ልጁ ወደደው፣ ነከሰው፣ አፉንም ማላመጡን ቀጠለ። ወሬ የለም።

አንድ ከሰዓት የመንታዎቹ እናት የአልጋ እግር ልታስጠግን መጣችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አናጢው በሆዱ ተኝቶ ከልጁ ፊት ለፊት ነበር። «ዛሬ መሳቢያ ነው የሠራሁት» ይለዋል፤ ይጠብቃል። «ትልቅ መሳቢያ» ይለዋል፤ ይጠብቃል። ሲሰለቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል።

«ጋሼ» አለችው፣ «ለምንድን ነው የምታቋርጠው?»

«ማንን?»

«ልጁን። እየመለሰልህ እኮ ነው።»

ቀልድ መሰለው፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቀልድ አልነበረም። ትንሽ አሰበችና ዓይንህን ጨፍን፣ ልጁ ባወራ ቁጥር እጅህን አንሳ አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሱ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ስለፈለገ ጨፈነ። ጠበቀ። ነፋስ በሩን ሲያጋጨው ሰማ፣ መኪና ሲያልፍ ሰማ። እጁን አላነሳም። ዓይኑን ሲገልጥ ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ልጁ ደግሞ አፉን እያላመጠ ወደ እሱ ያያል።

«አንድም ጊዜ አልተናገረም» አላት።

«አንድም ጊዜ አላቆመም፣ ጋሼ።»

ወለሉ ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣበት ደስታ ነበር፤ ደስታው ራሱን አስደነገጠው። ልጁ አልጠላውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያወራው ነበር። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያወራው ነበር፣ እሱም አንድ ቀን አልመለሰለትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ተረት የተተረተው ለሱ ነው፤ የራሱን ጆሮ ጥፋት ገና ጥርስ ባላበቀለ ልጅ ላይ ለጥፎ ከርሟል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጆሮ ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ መርምራ ነገሩን አልሸፈነችበትም። የማሽን ጩኸት ለዓመታት ሲመታው የኖረ ጆሮ ቀጭኑንና ለስላሳውን ድምፅ አስቀድሞ ያጣል፤ ወፍራሙ ድምፅና ጩኸቱ ይቀርለታል፤ ለዚያ ነው ለቅሶውን የምትሰማው አለችው። የሄደው አይመለስም። የመስሚያ መሣሪያ ይታዘዝለታል፣ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ማሽን ሲያስነሳ ከእንግዲህ ጆሮውን ይሸፍናል። አናጢው ለምን ቀጭኑ ቀድሞ እንደሚሄድ ጠየቀ፣ እሷም በሥዕል አሳየችው። በመጨረሻ እንዴት ራሴ ሳላውቀው ቀረሁ አላት። ባንድ ቀን ስላልሄደ ነው አለችው።

ሚስቱ ስትሰማ አለቀሰች። «ሐሳብ ይዞህ ይመስለኝ ነበር» አለችው። «ስንቱን ነገር ነግሬህ ሳትመልስልኝ ስትቀር፣ ልቡ ሥራው ላይ ነው እያልኩ እተወው ነበር።» ምን ነገርሽኝ ብሎ ጠየቃትና ያን ማታ የቻለችውን ያህል ጮክ ብላ እየደገመች ነገረችው። አንዳንዱ ከወራት በፊት የነበረ የጎረቤት ሐሜት ነው፤ ሁለቱም ሳቁ። አንዳንዱ ግን በጊዜው ሊሰማው የሚገባ ነበር፤ በዚያ ላይ አልሳቁም።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ ወሬው ተሰምቷል። ሾፌሩ ቀልድ ይጀምራል ተብሎ ሲጠበቅ ተነስቶ ጎረምሳውን ከአናጢው ተቀበለና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ልጁ አፉን አላመጠ። ሾፌሩ በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ ሳይስቅ፣ «አቡ ገ፣ አቡ ገ፣ ቡ» አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አናጢው።

«ልጁ አሁን ያለህ ነዋ። ቃል በቃል።»

አናጢው የልጁን የመጀመሪያ ንግግር በታክሲ ሾፌር ድምፅ ሰማ። «ድገመው» አለ። ደገመለት። እንደገና ድገመው አለ፣ ሾፌሩም ሳይሰለች ደገመ፤ የመንታዎቹ እናት «ገ» ላይ ትንሽ ሳብ ያደርገዋል ብላ አረመችው።

ከዚያ አናጢው ልጁን ተቀብሎ ሰፊ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆይቶ ደረቱ ከመዳፉ ሥር ይርገበገብ ጀመር፤ ቆም ይላል፣ መልሶ ይርገበገባል። አናጢው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ርግብግቡ ሲያበቃ፣ አሁን ተራው የሱ መሆኑን አውቆ፣ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ።

«እህ» አለው፣ «ከዚያስ?»