እናቴ የምትቆልፈው በር

ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነሳ ጆሃንስበርግ ላይ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል የድኝ ሽታ ይመጣል። ጎረቤቶቼ በዚያ በኩል ያሉትን ፋብሪካዎች እየረገሙ መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ልብስ ሳሰጣ ሽታው ሲደርሰኝ በረንዳው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናቴ ጋር የሄድንበት የጃፓን አሮጌ ፍል ውሃ ቤት እንደዚህ ነበር የሚሸተው፤ እሱን ሳስብ ደግሞ ሐሳቤ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚሁ ከተማ ውስጥ ያደግኩበት ሰፈር፣ ሂልብሮው ላይ ነው።

እዚያ በአንድ አፓርታማ ውስጥ አራት የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በመጋረጃ ተከፋፍለን እንኖር ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማን እንደተኛ በማንኮራፋቱ ብቻ እለይ ነበር። አባቴ ከከተማው ዳር፣ ዛንድስፕሩት በከፈተው ስፓዛ በሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ስለሚያድር የምናየው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ጄፔ መንገድ ላይ፣ ከሰላምታና ከዋጋ በማያልፍ ዙሉኛዋ፣ ብርድ ልብስ ስትሸጥ ትውልና ቤት ስትገባ ሌላ ገበያ ይጠብቃታል፤ የቤቱ ሴት ሁሉ ምክር የሚጠይቀው፣ ወንዱ ሁሉ አዝራር የሚያስተክለው እሷን ነበር።

መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ሁሉም ታጥቦ ካበቃና የውሃ ማሞቂያው ለብ ያለ ውሃ እንኳን መስጠት ካቃተው በኋላ፣ እናቴ ፎጣዋን ይዛ ትገባና ትቆልፋለች። ቶሎ አትወጣም። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ይቆሙና፣ "ልጄ፣ እናትሽ ባሕር ልትሻገር ነው መሰለኝ" ብለውኝ ወደ ኩሽናው ቧንቧ ይሄዳሉ።

እኔ ግን አልስቅም ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ ሴት፣ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለማንም ሳትናገር ደብቃ ቆይታ፣ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ፣ አገሯ ገብታ ሞታ ነበር። ትልልቆቹ፣ "ገላዋን ለሰው አታሳይም ነበር እኮ" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴን መጠበቅ ያዝኩ። እሷም ገላዋን ለሰው አታሳይም፤ ልብሷን እንኳን የምትቀይረው አንሶላ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ የውሃ ድምፅ አይሰማም፤ አንዳንዴ ብቻ ሳል ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት የታፈነ ነገር እሰማለሁ። ዓይኗ ቀልቶ ትወጣና፣ "ሳሙና ነው" ትለኛለች።

ካልጠየቅኩ እውነት የማይሆን ይመስለኝ ስለነበር አልጠየቅኩም። አድጌ፣ ፋርማሲ ተምሬ፣ የራሳችን ቤት ከገባን በኋላም ስጋቱ አልለቀቀኝም። ሐኪም ጋ እንሂድ ባልኳት ቁጥር መልሷ፣ "ምን ሆኜ?" ነው።

መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ጃፓን ሲልከኝ እናቴን አስከትዬ ሄድኩ። ሥልጠናው ሲያልቅ ተራራ ሥር ወዳለ፣ ጣራው በዘመናት እንፋሎት የጠቆረ የእንጨት ፍል ውሃ ቤት ጎራ አልን። በር ላይ ያሉት አሮጊት ጎንበስ ብለው ተቀበሉንና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል አሳዩን፤ በልብስ መግባት ክልክል ነው። እናቴ እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሥዕሉን አየት አድርጋ፣ "ታዲያ ማን በልብሱ ይታጠባል?" አለችና ቀሚሷን ማውለቅ ጀመረች።

አነስተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ በባልዲ ውሃ ስታፈስ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ደረቷን አንድ በአንድ አየሁ። እኔን የወለደችበት የሆድ ሸንተረርና ዕድሜ ያመጣው መሸብሸብ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። የድንጋዩ ገንዳ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብዬ ቁጭ አልኩ።

"ምነው፣ ሙቀቱ አዞረሽ?" አለችኝ።

"እማ፣ ሂልብሮው እያለን መታጠቢያ ቤቱን ቆልፈሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። "ምንም። እቀመጥ ነበር። በዚያ ቤት ቁልፍ ያለው በር እሱ ብቻ ነበር። ሲከፋኝ አለቅሳለሁ፣ ሲደክመኝ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ማንም የማይጠራኝ እዚያ ነው፤ አንቺም ጭምር።"

"እኔ ታመሽ የምትደብቂኝ መስሎኝ ነበር።"

ዓይኗን ገልጣ ወደ እኔ ዞረች። "ይኼን ሁሉ ዓመት?"

"አዎ።"

"ጠይቀሽኝ ቢሆን እኮ እነግርሽ ነበር" አለች፤ ከዚያ በመዳፏ ሙቅ ውሃ ዘግና፣ እንደ ሕፃን አናቴ ላይ አፈሰሰችልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተጋድሞ የኖረ ነገር በዚያው አብሮ የወረደ መሰለኝ፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እፎይ ብያለሁ፤ እናቴ ደህና ናት፣ ዛሬም ከኔ ቀድማ ደረጃ ትወጣለች። የሚቆጨኝ ግን አልጠፋም። ያኔ እሷ አሁን እኔ ካለሁበት ዕድሜ ታንስ ነበር። ያቺን ወጣት ሴት በሽታ ስፈልግባት ልጅነቴን ጨረስኩ እንጂ አላየኋትም፤ ምን ያስቃት እንደነበር፣ ማን ይናፍቃት እንደነበር አላውቅም። አሁን ብጠይቅ ይነገረኛል። የምትነግረኝ ግን አሮጊቷ እናቴ ናት፤ ከወጣቷ ጋር ሳንተዋወቅ ቀረን።