ማቆያው እና የማርያም ጽዋ

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ላሊበላ ተወልጄ እዚሁ እሠራለሁ። ስብሰባ እንደማልወድ የሚያውቁ ባልደረቦቼ፣ ያቺ ልጅ ላፕቶፗን አንጠልጥላ የመጣች ዕለት ሆን ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። የአንድ የከተማችን ቄስ ልጅ ናት፤ ሌላ አገር ተምራ የተመለሰችው የጤና አገልግሎትን በኮምፒውተር ሞዴል ማቀድ የሚባል ሙያ ይዛ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋ ክብና ቀስት መሳል ስትጀምር፣ «ይኸ ደሞ የምን ክታብ ነው?» ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን የአምቡላንስ ሾፌር አሳቅሁት።

የተሰበሰብነው ስለ እናቶች ማቆያ ነበር። መውለጃቸው የተቃረበ የገጠር እናቶች መጥተው ምጥ እስኪይዛቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ዕቅዳችን ክፍል መጨመር ነበር። እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ቤቷ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ እንኳን አምቡላንስ በቅሎም አይሻገረውም። መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ስለሆነ፣ አልጋ ጠፍቶ እንዳትመለስብኝ ለአዲሱ ክፍል ሽንጤን ገትሬ ተከራከርሁ።

ልጅቱ አልተቃወመችንም። ላፕቶፗ ላይ ክፍሉን ጨመረችልንና ወራቱን ወደፊት አስኬደቻቸው። ቤታቸው የሚወልዱ እናቶችን ቁጥር የሚያሳየው መሥመር ዝቅ አላለም። አልጋ ደጋግማ ብትጨምርም መሥመሩ እንዳለ ነው።

«ማቆያውን እንደ ጋን እዩት» አለች። «እናንተ ጋኑን ልታሰፉት ነው፤ እሱ ግን ከሥሩ ያፈሳል። ገብተው ሳይወልዱ የሚወጡ እናቶች አሉ። ለምንድን ነው የሚወጡት?»

ምግቡ ነው አልን፤ ብርዱ ነው አልን። እሷ በግምታችን አልረካችም። ወረቀቷን ነቅላ ማቆያው ሄደች፤ እኔም ነገሩ ስለቆረቆረኝ ተከተልኋት። ከእናቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ መምጫ መሄጃቸውን የሚያሳዩትን ቀስቶች በገዛ እጃቸው አሳለቻቸው። ችኮላ የሚባል ነገር አያውቃትም። አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ከማቆያው ወደ ቤቷ የሚሄድ ቀስት ሳለችና እስክሪብቶውን ለልጅቱ መለሰችላት።

«ይኸ የማርያም ጽዋ ነው» አለች። «ተራዬ ደርሷል። ጠላውን ማን ይጠምቅልኝ? ዳቦውንስ ማን ይድፋልኝ? እመቤቴን አሳፍሬ እዚህ ልተኛ?»

እኛም እኮ ሁላችን ማኅበርተኞች ነን። ተራችን ሲደርስ ፈቃድ ጠይቀን ከሥራ እንቀራለን። ዕቅድ ስናወጣ ግን አንዳችንንም ትዝ አላለንም። ልጅቱ ለጽዋው ክብ ሠራችለትና ሞዴሉ ውስጥ አስገባችው። ነፍሰ ጡሮች ተራ ቢለዋወጡ ብላ ስታስኬደው ያ እምቢተኛ መሥመር ወረደ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ ማሾፌንም እዚያው ተውሁ።

ላፕቶፗን ይዛ ማኅበራቱን ወደሚባርኩት ሌላ አረጋዊ ቄስ ዘንድ ሄድን። መሥመሩን አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«አባታችን፣ ተራ መለዋወጡን ይፈቅዱልናል?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እመቤታችንም በመውለጃዋ ሰዓት ማደሪያ አጥታ ነበር» አሏት። «ማደሪያ ያገኘችውን ውጪ አትላትም።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ተናገሩት። ወሬው እስከ እህቴ አገር ዘለቀ።

እህቴ ማቆያ የገባችው ልቧን ቤቷ ትታ ነው። የነሐሴ ማርያም ጽዋ የሷ ተራ ነበር። ጎረቤቷ እንደተቀበለቻትና እሷ ለጥቅምት እንደተዛወረች ማኅበሩ መልእክት ሲልክላት፣ ደስ አላላትም።

«የሷ ጠላ እኮ ቅራሪ ነው» አለችኝ ተኮራምታ።

በበዓሉ ዕለት ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛትና ሆስፒታል ወሰድናት፤ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ እንደፈራሁት ደሙ መጣ። ሐኪሙ ደረሰላት፤ ደም ተሰጣት፤ ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ።

ባለላፕቶፗ ልጅ ልትጠይቃት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗን ተቀብላ ታቀፈቻት። ሾፌሩ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ብቅ አለና ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ እንደሆነ፣ ማዶ ሆነው የሚጣሩ ሰዎች ድምፅ እንኳ እንደማይሰማ ነገረን።

እህቴን አየኋት። ከወንዙ ወዲህ ተኝታለች።