ከስክሪን ያልወረዱት ሊቀመንበር

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ የሙዝ አምራቾች ማኅበር ለሙከራ ቀጠረኝ። ሥራዬ የማኅበሩን ድረ ገጽ መሥራት ነበር። የቋሚነት ደብዳቤዬ ሊፈረም አንድ ሳምንት ሲቀረው ማኅበሩ ሊቀመንበሩን አውርዶ ሌላ መረጠ። ፈራሚው እንግዲህ አዲሱ ሰው ሆኑ።

የቀድሞውን ሊቀመንበር ፎቶ ከገጹ አውጥቼ የአዲሱን ተካሁና እንዲያዩት ጠራኋቸው። በቢሮው ኮምፒውተር ገጹን ስከፍት የቀድሞው ሊቀመንበር ክራቫታቸውን አስረው፣ ፈገግ ብለው ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ አዲሱ።

«የማንም» አልኩ። አሮጌው ፎቶ ለምን እንደመጣ ጠርጥሬያለሁ። ኮምፒውተር አንዴ ያየውን ፎቶ ጓዳው ያስቀምጣል፤ በዚያው ስም ደግሞ ሲጠየቅ፣ በዚያ በሚንፏቀቅ የስልክ መስመር ከመመላለስ ያንኑ ያቀርባል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ፎቶዎች «ሊቀመንበር» ብያቸው ነበር።

«ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንየው» አልኳቸው።

ሲቀላ ሰፈር ወርደን አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባን። የቀድሞው ሊቀመንበር ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ፈገግ። ሦስተኛውም ላይ።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ፣ የቀድሞው እኮ በገበያ ቀን ዘመድ እየሰበሰቡ ፎቷቸውን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሲያሳዩ ነው የከረሙት!»

ይህን ስሰማ ጥርጣሬዬ ልክ መሆኑን አወቅኩ። «ማሽኑ የሚያየው ስሙን ነው ጋሼ። ስሙ ካልተለወጠ ፊቱ ተለውጦ እንደሆነ አይጠይቅም።»

አዲሱ ሊቀመንበር ገባቸው። «ካምባ ከተማ እንዳለችው አክስቴ ነዋ! እስከዛሬ ጡት እንደጣለ ልጅ ጉንጬን ትቆነጥጠኛለች።»

ጓዳውን ማጽዳት ይቻላል፤ ግን የአገሩን ኮምፒውተር ሁሉ ዞሬ አላጸዳ። እዚያው ተቀምጬ የአዲሱን ፎቶ ስም «ሊቀመንበር 2» አልኩት፤ ገጹም በዚህ ስም እንዲጠራው አደረግኩ። የእሳቸው ፊት ከግንባራቸው ጀምሮ ቀስ እያለ መጣ። አገጫቸው እስኪደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

እፎይ ልል ስል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ቅድም የጻፍሽው ሁለት ምንድን ነው? እሱ አንድ፣ እኔ ሁለት?»

«ከበፊቱ እንዲለይ ብቻ ነው ጋሼ። ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ግድ የለውም።»

«እንግዲያው ከእሱ በደንብ እንድርቅ ሃያ አድርጊው።»

አደረግኩ። ደብዳቤዬም ሳምንቱ ሳያልቅ ተፈረመ። እሳቸው በተራቸው ሲወርዱ ተተኪያቸው ሃያ አንድ ሆኑ። በአንድና በሃያ መካከል ያሉት አሥራ ስምንት ሊቀመንበሮች የት እንደገቡ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።