ከሐዲዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

«ሥራዎ?» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«መምህርት።»

«የት?»

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

እኛ ሰፈር፣ ቃሊቲ፣ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አንዱ ከአሮጌው ሐዲድ ወዲህ ነው፣ ሌላው ማዶ። እኔ ወዲህኛው ጋ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ዛሬ ጠዋት ልጄን አንደኛ ክፍል ለማስመዝገብ ይዣት የሄድኩት ግን ማዶ ነው። የማዶው ይሻላል ይባላል። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም።

(ባለፈው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ «ወላጆች በትምህርት ቤታችን ይተማመናሉ» ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ።)

«እኔም እዚሁ አስተማሪ ነኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የኔን ልጅ ግን ትናንት እናንተ ጋ አንደኛ ክፍል አስመዘገብኩት።»

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልጠየቅኳት። ሁለታችንም የየቤታችንን ጉድ እናውቃለን።

«አንቺ፣ አንደኛ ክፍልን እናንተ ጋ ማን ነው የሚያስተምረው?» አለችኝ። እርስዎ መባሌም እዚያው ቀረ።

«እኔ ብቻ ነኝ። እዚህስ?»

«እኔ ብቻ።»

ሳቅም አልመጣልኝ፣ ሐፍረትም አልመጣልኝ።

ከኋላዬ የተሰለፈ አባት «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ሥራ አለብን» አለ። የልጄን ስም ጻፈች፣ ማህተም መታች፣ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

«አደራ» አለችኝ።

«አደራ» አልኳት።

እናንተ ሰፈርስ፣ ይሻላል የሚባለው የትኛው ነው? እዚያ የሚያስተምሩት ልጆቻቸውን የት እንደሚልኩ ጠይቃችሁ እስቲ ጻፉልኝ።