በሁለተኛው ማይክ የቀረው የጋሽ ንጉሤ ድምፅ

በሐረር ለብዙ ዓመታት የአረጋውያንን ትዝታ በድምፅ ሲቀርጹ የኖሩት ጋሽ ንጉሤ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። የምኖረው አርባ ምንጭ ስለሆነ ለቀብራቸው አልደረስኩም። የሣልስታቸው ማግሥት ልጃቸው ሶስና ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ አባዬ የአገሩን ሰው ሁሉ ድምፅ አስቀምጧል። የራሱን ግን ፈልጌ አጣሁ። አንቺ ጋ ይኖር ይሆን?»

ይህን የምጽፈው ለእሷና እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መቅረጫቸው ከጸሎት መጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለውና ሁለቱን ለየብቻ የሚቀርጽ ነበር። ገመድ ከመሰካታቸው በፊት የሁለቱንም መግቢያ ድምፅ እስከ ታች ይቀንሳሉ። ከሰኩ በኋላ ተናጋሪውን «ቁርስ ምን በሉ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እየሰሙ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋሉ። መብራቱ ከቀላ መልሰው ዝቅ ያደርጉታል። «ሰው ሲስቅ ድምፁ ይጨምራል፤ ለሳቁ ቦታ ተዪለት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ወደሚኖሩት አረጋዊት የሐረሪ እናት፣ ወደ አዴ ሩቂያ ቤት ሄድን። አዴ ስፌት ካልያዙ ወሬ አይመጣላቸውም። ጋሽ ንጉሤም ስፌቱን አላስጣሏቸውም፤ አንደኛውን ማይክ ልብሳቸው ላይ አያያዙላቸው።

«አንተ ንጉሤ፣ በዚህ ገመድ ልታስረኝ ነው?»

«እርስዎን ማን ችሎ፣ አዴ! ለመሆኑ ቁርስ ምን በሉ?»

«ሳታመጣልኝ ነው የምትጠይቀኝ?»

ሁለተኛው ማይክ የወስፌውን ድምፅ እንዲይዝ ስፌቱ አጠገብ እንዳስቀምጠው ጋሽ ንጉሤ አዘዙኝ። የወስፌ ድምፅ ትንሽ ስለሆነ የዚያን መግቢያ በጣም ከፍ አደረግነው። ሰው ፊት ሄድፎን ማድረግ ነውር ይመስላቸው ነበርና ማዳመጡን ለእኔ ተዉት።

የሐረሪ ቤት መደብ በደረጃ ነው። አዴ የተቀመጡት ላይኛው፣ የትልቅ ሰው ቦታ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ያውም በሰው ቤት፣ እዚያ መውጣት ድፍረት መሰለኝ። ማይኩን ታችኛው መደብ ላይ፣ ጋሽ ንጉሤ ጉልበት አጠገብ አኖርኩት። በሄድፎኑ ስህተቴን እየሰማሁ እንኳ ማቋረጥ አፈርኩ።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ የሁለተኛውን ማይክ ቅጂ ከፍተው ሲሰሙ የወስፌ ድምፅ የለም። የራሳቸው ሳል፣ የራሳቸው «እህ… ከዚያስ?» ብቻ ነው።

«አዴን ቅጂ ብልሽ እኔን ቀዳሽኝ?» ብለው ሳቁ።

እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ መቅረጫውን ይዘው ወደ ፈላና በር መለሱኝ። «አዴ፣ ትናንት አበላሽቼ ነው። ላይ ወጥቼ ማይኩን ላስቀምጥ?» አሉ፣ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው አድርገው።

«ቢስሚላህ ብለህ ውጣ! ማን ከለከለህ?» አሉ አዴ።

ጋሽ ንጉሤ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አየሽ፣ ማስፈቀድ ነበረብሽ እንጂ መተው አልነበረብሽም» አሉኝ። ዛሬም ሥራ ላይ ሳፍር ይህችን ቃል አስባታለሁ።

አዲሱን ቀርጸን ስንመለስ፣ «ያን የእኔን ሳል አጥፊው፤ ቦታ ይይዛል» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ግን አላጠፋሁትም። ተሳስቼ የአዴን እንዳላጠፋ ፈርቼ መጀመሪያ ሁለቱንም ገለበጥኩ፤ ግልባጩም ከእኔ ጋር አርባ ምንጭ ድረስ መጣ። ለታላቅ ሰው እሺ ብሎ አለመፈጸም ከብዶኝ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ።

ሶስና ከደወለች በኋላ ከፍቼ ሰማሁት። በአንደኛው መግቢያ አዴ ያወራሉ። በሁለተኛው ጋሽ ንጉሤ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ፤ ይስቃሉ፣ ይስላሉ። መጨረሻ ላይ፣ መቅረጫው ከመጥፋቱ በፊት፣ «አዴ፣ ደክሞዎታል፤ አሁን ይረፉ» ይላሉ።

ጋሽ ንጉሤ፣ ያዘዙኝን ስላልፈጸምኩ ይቅር ይበሉኝ። ድምፅዎን ዛሬ ለሶስና ልኬላታለሁ፤ ሳሉንም አልቆረጥኩትም። እግዚአብሔር ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ብዙ ሰው አዳምጠዋል። ደክሞዎታል፤ አሁን ይረፉ።