ቦራ እና የገበያው ፌስታል

ልጅ ሳለሁ፣ ከይጁቤ ገበያ ትንሽ ራቅ ባለችው መንደራችን፣ አያታችን አባባ ካሴ አመሻሽ ላይ ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ መብራት ገና ስላልገባ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንሙት ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ፍሙ አጠገብ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

የቤታችን ወተት ከቦራ ነበር። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ አባባ ከጥጃነቷ ጀምረው ያሳደጓት ላም ነች። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከወለደች ብዙም ሳትቆይ መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ፤ ስትተነፍስ ታቃስታለች። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ፤ መድኃኒትም ተሰጣት፤ አልሆነም። ጠዋት ላይ ቦራ ሞታ፣ ጥጃዋ እናቷን ስትልስ አገኘናቸው።

ቆዳዋ ሲገፈፍ ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ለአባቴ አሳየው። ፌስታል ነበር፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው እንደ ገመድ ተጠማዝዞ። ጨው የመጣበት፣ ስኳር የመጣበት፣ እያንዳንዱ ቤት ከገበያ ሲመለስ አጥር ሥር የጣለው። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እናቴ ብቻ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

የዚያን ዕለት ማታ ተረት የሚኖር አልመሰለኝም ነበር። አንሙት ግን «አባባ፣ ቦራ ለምን በላችው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባባ ፍሙን ቆሰቆሱ።

«ሰው በጣም የምታምን አንዲት ላም ነበረች» ብለው ጀመሩ። «ሰው ሣር ሲሰጣት ትበላለች፣ አተላ ሲሰጣት ትጠጣለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኘች፤ ብትልሰው ጨው ጨው ይላል። ‹ይኼንም ለእኔ ብለው ነው ያስቀመጡት› አለችና ዋጠችው።»

«ታዲያ ማንም አልነገራትም?»

«ላም ቢነግሯት አትሰማም፣ ልጄ። የሚነገረው ለእኛ ነው።»

ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንሙት ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴን ተከትዬ ይጁቤ ሄድሁ። ዘንቢል አንጠልጥላለች፤ ውስጡ ከአሮጌ ሸማ የሰፋቻቸው ከረጢቶች አሉ። ነጋዴው ጨውን በፌስታል ሊያደርግላት ሲል ከረጢቷን ዘረጋችለት።

«እዚህ ውስጥ ገልብጥልኝ።»

«እትዬ፣ ፌስታሉ እኮ በነፃ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ቤቴ ጥጃ አለች።»

ሰውዬው ሣቅ ሊል ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ጥጃዋ በጎረቤት ላም ወተት አደገች። ከመንደሩ ሴቶችም አንዳንዶቹ እንደ እናቴ ከረጢት መያዝ ጀመሩ፤ ሌሎቹ አልያዙም። አንሙት ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጥር ለአጥር እየዞረ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ይለቅም ነበር፤ ልቀም ያለው ሰው አልነበረም።

አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አገር ቤት ሲሄዱ መኪና ኮንትራት ይይዛሉ፤ ለአንድ ሰው አንድ መኪና ያን ሁሉ መንገድ ጭስ እየተፋ መሄዱ ይከብደኛልና እኔ ከገበያተኛው ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተጣብቤ እሄዳለሁ፤ ውኃዬንም ከቤት በኮዳ ይዤ እወጣለሁ። አባባ ካወሩልን ተረቶች ብዙዎቹ ተምታተውብኛል፤ ጅቡ ምን እንዳለ፣ ጦጣዋ እንዴት እንዳመለጠች አላስታውስም። የቀረችኝ ነገር ትንሽ ናት። የሆነ ነገር ልጥል ስል እጄ ጥቂት ይዘገያል፤ ከኋላዬ የሚመጣው ማን እንደሆነ አላውቅምና።